ማን ለማን ተናገረው? ስለ ምሳሌያዊ አነጋገርና ስለ መድበሎቻችን

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ የፈተና ወረቀት ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት የሥነ ቃል ትምህርት በማስተምርበት ጊዜ ለተማሪዎቼ አምስት ምሳሌያዊ አነጋገሮች ሰጥቼ «የሚከተሉትን ፍቺያቸውን ጻፉ፤ እያንዳንዱ ሁለት ነጥብ ይይዛል» የሚል ጥያቄ አወጣሁ። ከአምስቱ አንዱ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ነበር። ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ በክፍል ውስጥ እምብዛም አፉን የማይከፍት አንድ ተማሪ ሌሎቹን አራቱን እንደ ደንቡ ከፈታ በኋላ በዚህኛው ሥር «ማን ለማን እንደ ተናገረው ስላልተገለጸ ፍቺውን መጻፍ አልችልም» ብሎ ጻፈ። እኔም ነገሩ ያላጠና ተማሪ ብልጠት መስሎኝ በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ሰጠሁት፤ ከዜሮውም አጠገብ «ዝም አይነቅዝም» ብዬ ጻፍኩበት። ቀልዴ ደስ ብሎኝ እንደ ነበር አልክድም።

የምጠብቀው መልስ በእጄ ነበር። «በሥልጣን ዘመን የሕዝብን ሀብት መብላትን የሚያበረታታ፣ የባላባቱን ሥርዓት አስተሳሰብ የሚያንጸባርቅ» ይላል። እንዲህ ያለው ፍቺ ለመምህሩም ለተማሪውም ምቹ ነው፤ አነጋገሩን በሁለት መስመር ቀብሮ ወደሚቀጥለው ለመሻገር ያስችላል። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ ይህንኑ አነጋገር በሰው አፍ ሲነገር ጆሮዬን ጣል እያደረግሁ መስማት ጀመርኩ፤ በሰማሁም ቁጥር ያ ቀይ ዜሮ ይከነክነኝ ጀመር።

አንድ ጊዜ የአባቴ ወዳጅ ከነበሩ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት በግምጃ ቤት ኃላፊነት ረጅም ዘመን ሠርተው ጡረታ ከወጡ ሽማግሌ ቤት ቡና ተጠርተን ተቀምጠናል። ክረምት ነው፤ ጣራው ያፈሳል። ባለቤታቸው ጠብ ጠብ የሚለውን ውኃ ለመቀበል ሳፋ አምጥተው ከመካከላችን አስቀመጡና ቀና ብለው ባላቸውን እያዩ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል አሉ!» አሉ። ሽማግሌው ከት ብለው ሣቁ፤ ወይዘሮዋም አብረው ሣቁ። እንግዲህ እኒህ ሴት ባላቸው የመንግሥትን ገንዘብ ባለመብላታቸው የተቆጩ ነበሩ? የመልስ ወረቀቴን ብንከተል አዎን ማለት ሊኖርብን ነው። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው። ሳፋዋን ለእንግዳ እንደ ኒሻን ነው ያሳዩን።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ለቅሶ ቤት ነበርኩ። ከከፍተኛ ሹመት በቅርቡ የወረደ አንድ ሰው ለመድረስ ገባ፤ ድሮ ሲገባ ድንኳኑ ሁሉ ከመቀመጫው ይነሣለት የነበረ ሰው ያን ዕለት ከዳር ቦታ ፈልጎ ተቀመጠ። ከአጠገቤ የነበሩት አዛውንት ወደ ጓደኛቸው ጠጋ ብለው «ሲሾም ያልበላ...» አሉና አቆሙ። ጓደኛቸው ካርታቸውን እያዩ «እሱስ አይቆጨውም» ብለው መለሱ። ከዚህ በላይ አንድም ቃል አልተነገረም። ተናጋሪው የአነጋገሩን ግማሽ ብቻ ነው የወረወሩት፤ ሌላውን ግማሽ የሞላው ሰሚው ነው፤ በመሙላቱም ሐሜቱ የሁለት ሰው ሆነ። አንዳችም የሚያስከስስ ነገር አልተባለም፤ ሁሉም ነገር ግን ተባለ።

በሦስተኛው ጊዜ አንድ አባት አዲስ ለተሾመ ልጃቸው ፈገግ እንኳ ሳይሉ፣ ጣታቸውን ቀስረው ሲመክሩበት ሰማሁ። ከመልስ ወረቀቴ ጋር የተስማማው ይህ ብቻ ነበር።

አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ አፍ ምክር፣ በሌላ አፍ ክስ፣ በሦስተኛው አፍ የፍቅር ቃል ሆኖ ወጣ። በመዝገበ ቃላት ፍቺው አንድ ነው፤ ሥራው ግን ሦስት ነው። ተማሪዬ ትክክል ነበር፤ ዜሮው ለእኔ የሚገባ ነበር። ከረጅም ጊዜ በኋላ እሱም መምህር ሆኖ አንድ ስብሰባ ላይ ስንገናኝ ይህንኑ ነገርኩት፤ ይቅርታም ጠየቅሁት። እሱ ግን ግራ ገብቶት ትንሽ አሰበና «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎትና ያን ዕለት እሷን አላጠናኋትም ነበር» አለኝ። ይህንን የምጨምረው ክርክሬን እንደሚያዳክምብኝ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ሰው ሳያጠና ትክክል ሊሆን ይችላል፤ መምህር ደግሞ አጥንቶ ሊሳሳት ይችላል።

ምሁራኑም ቢሆኑ ይህን ጥያቄ ካነሡት ቆይተዋል። ኦጆ አሬዋና አለን ዳንደስ እ.ኤ.አ. በ1964 የዮሩባን ምሳሌያዊ አነጋገር ይዘው ሲጽፉ ቃሉን መሰብሰብ ብቻ እንደማይበቃ፣ ማን፣ ለማን፣ መቼ፣ በምን ጉዳይ እንደ ተናገረው መመዝገብ እንዳለበት አሳስበዋል። ሩት ፊኔጋንም እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመችው የአፍሪቃ ሥነ ቃል መጽሐፏ ስለ ዐውድ ደጋግማ ጽፋለች። እኔ ራሴ እነዚህን ሥራዎች በክፍል ውስጥ አስተምሬያለሁ። ሰኞ የዐውድን አስፈላጊነት አስተምሬ ዓርብ ዐውድ የሌለው ጥያቄ ማውጣቴን ለአንባቢ ፍርድ እተዋለሁ።

ወደ መድበሎቻችን ልመለስ። የአማርኛን ምሳሌያዊ አነጋገር በመጽሐፍ መልክ ማሰባሰብ የቆየ ሥራ ነው። ጣሊያናዊው ኢኛሲዮ ጉዊዲ እ.ኤ.አ. በ1894 ሮም ላይ፣ ዣክ ፋይትሎቪች ደግሞ በ1907 ፓሪስ ላይ የየራሳቸውን ስብስብ አሳትመዋል። ከአገራችን ሰዎችም ባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «የአባቶች ቅርስ» በሚል ርእስ የደከሙበት ሥራ በባለውለታነት የሚታወስ ነው። እነዚህ ሰዎች ባይደክሙ ኖሮ ዛሬ የሚነቀፍ ነገር እንኳ ባልኖረን ነበር። ነቀፌታዬ በእነሱ ላይ ሳይሆን ከእነሱ በኋላ በመጣነው በእኛ ላይ ነው፤ እነሱ ቃሉን ካዳኑልን ወዲህ እኛ የጨመርነው ቁጥር ብቻ ነውና። ዛሬ በየመጻሕፍት መደብሩ የምናገኛቸው መድበሎች አብዛኞቹ አነጋገሮቹን በፊደል ተራ ደርድረው፣ ቢበዛ አንድ መስመር ፍቺ ጨምረው ያቀርባሉ።

የፊደል ተራ ደግሞ የራሱ የሆነ ቀልድ አለው። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው «ዘ» ሥር ተቀምጦ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ከሚለው ዘመዱ ጋር በሰላም ይኖራል። ባላጋራው «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ግን ያለው «ከ» ሥር ነው። ሁለቱ በሕይወት ውስጥ በየሸንጎው፣ በየዕድሩ፣ በየቤቱ ፊት ለፊት እየተጋጠሙ ሲተናነቁ የኖሩ ናቸው፤ በመድበሉ ውስጥ ግን በብዙ ገጽ ርቀት ተለያይተው ሳይተያዩ ይኖራሉ። አንባቢ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ቢያገኝ ሕዝቡ ዝምታን ያመልካል ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ እንዲህ ብለው የደመደሙም አልታጡም። እውነቱ ግን ሕዝቡ ዝምታን ሲፈልግ የዝምታን፣ ንግግርን ሲፈልግ የንግግርን ቃል አዘጋጅቶ ያስቀመጠ መሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት ምሳሌያዊ አነጋገርን «የአበው ጥበብ» እያልን በጅምላ መጥራታችን አይዋጥልኝም። ጥበብ እርስ በርሱ እንዲህ አይጣላም። ይህ ይልቅ የጨዋታ መሣሪያ ነው፤ ሰው የልቡን ሊያደርግ ከወሰነ በኋላ የሚያነሣው።

ራሳችን ስለ ነገሩ የምንለውም ይኸው ነው፤ «ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ»። ጠጁ ነገሩ ነው፤ ብርሌው ምሳሌው። መድበሎቻችን ባዶ ብርሌ አጥበው በመደርደሪያ ላይ ሰድረዋል። ያማሩ ናቸው፤ ተቆጥረዋልም።

የፊደል ተራን ትቶ ሌላ መንገድ መከተል አይቻልም የሚል ካለ ወደ ኋላ ሄዶ ኤራስመስን ይመልከት። እሱ የግሪክንና የላቲንን ምሳሌያዊ አነጋገር እ.ኤ.አ. በ1500 ፓሪስ ላይ ማሳተም ሲጀምር ከስምንት መቶ ጥቂት የበለጡ ነበሩ፤ በ1536 እስኪሞት ድረስ ሲጨምርበት ኖሮ ከአራት ሺህ አለፉ። የሚያስቀናው ግን ቁጥሩ አይደለም። በየአንዳንዱ ሥር ማን እንደ ተናገረው፣ በምን ጊዜ እንደሚነገር፣ ወደ ሌላ ጉዳይ እንዴት ሊዞር እንደሚችል ይጽፋል፤ ሲያሰኘውም ከመንገዱ ወጥቶ የራሱን ዘመን ነገሥታት ይነካካል። ጦርነትን ላልቀመሱት ሰዎች እንዴት እንደሚጥማቸው በሚናገረው በአንዱ አነጋገር ሥር በ1515 የጨመረው ሐተታ ብቻውን መጽሐፍ የሚያህል ሆኗል። እኛ ለዚያው ዓይነት አነጋገር የምንሰጠው አንድ መስመር ነው፤ ያውም «ያልደረሰበት አያውቅም» የሚል።

ከዚህ ላይ ስለ ቅርጹ ጥቂት ማለት እፈልጋለሁ፤ ሣቁ ያለው ከቅርጹ ላይ ነውና። «ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» እንላለን። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» እንላለን። በሁለቱም ውስጥ ሰባኪ የለም። ስለ ጥርጣሬ ወይም ስለ ራስ ወዳድነት የሚያወግዝ ቃል አልተጻፈም። ያለው አንድ ተናጋሪና «አለች» የምትል አንዲት ግሥ ናት። ሙሽራዪቱ ድግሱ የተደገሰላት፣ ሚዜው ከደጅ የቆመላት ናት፤ ይሁንና ከጀርባ ላይ እስክትወጣ ድረስ አታምንም። አህያዋም ከሞት በኋላ ያለውን ዓለም የምታስበው በሰርዶ ብቻ ነው፤ እሱም እንዳይበቅል። ላሮሽፉኮ እ.ኤ.አ. በ1665 ባሳተማቸው አጫጭር አባባሎቹ ሰው ሁሉ የራስ ፍቅር ባሪያ እንደ ሆነ በብዙ መልክ ጽፏል፤ ረቂቅ ነው፤ ነገር ግን ከሳሎን ወንበር ላይ ሆኖ ወደ ታች እያየ ነው የሚናገረው። የእኛው ተናጋሪ ነገሩን ለአህያ አስረክቦ ዘወር ይላል። በበኩሌ አህያዋን እመርጣለሁ፤ እሷን ሰምቶ የሚቀየም የለም፤ እኔ ግን አልነበርኩበትም የሚልም የለም።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን «አልሸሹም ዞር አሉ» የሚለው ነው። ሦስት ቃል ነው። አሽከር ስለ ጌታው፣ ወታደር ስለ አለቃው ሲከላከል እንደሚናገረው ሆኖ የተቀረጸ ነው፤ ማንም «ሸሹ ወይ?» ብሎ ሳይጠይቅ «አልሸሹም» ብሎ ይጀምራል፤ በዚህም ሽሽቱን ያጋልጣል። ከዚህም ሌላ በግሡ ውስጥ ያለውን ልብ ይሏል። «አልሸሹም» ብዙ ሰዎች ናቸው ወይስ አንድ የተከበሩ ሰው? አማርኛችን ሁለቱን በአንድ መልክ ስለሚያስኬድ ሰሚው ይመርጣል። እኔ ሁልጊዜ የሚታየኝ አንድ ሰው ነው፤ ካባው ወደ ኋላ እየተውለበለበ። አክብሮቱ ነው የስላቁን ግማሽ የሚሠራው፤ «አልሸሸም ዞር አለ» ብንለው ይሞታል። ይህን ወደ ሌላ ቋንቋ ሊመልስ የሞከረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። በመድበል ውስጥ ግን «ስሕተትን በለዘበ ቃል መሸፈን» የሚል ፍቺ ቢሰጠው በቂ ይመስላል።

ስለ መመለስ ካነሣሁ አይቀር፣ በውጭው ዓለም ከኢትዮጵያ ምሳሌያዊ አነጋገሮች ሁሉ ዝነኛው የትኛው ነው ቢባል የአገራችን ሰው ሊገምተው አይችልም። አሜሪካዊው የፖለቲካ ምሁር ጄምስ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ጭቁኖች ስውር እምቢታ የጻፈውን መጽሐፍ የከፈተው ጌታው በሚያልፍበት ጊዜ ብልሁ ገበሬ ዝቅ ብሎ እጅ እየነሣ በዝምታ ስለ መፍሳቱ በሚናገር አነጋገር ነው፤ «የኢትዮጵያ ምሳሌያዊ አነጋገር» ብሎታል። ከዚያ ወዲህ በብዙ ጽሑፍ ውስጥ ሲጠቀስ አይቻለሁ። በአማርኛ ሲነገር ግን ሰምቼው አላውቅም። በሌሎች ቋንቋዎቻችን ውስጥ ሊኖር ስለሚችል የእኛ አይደለም ለማለት አልደፍርም፤ ግን በትርጉም እንደ ቀረበው ጆሮዬን ይቆረቁረዋል። ቤት አይመታም፤ ሚዛኑም ረጅም ነው። ይበልጥ የሚቆረቁረኝ ደግሞ ገበሬውን ራሱ «ብልህ» ብሎ ማሞገሱ ነው። የእኛ ተናጋሪ ፈሱን ያሰማ ይሆናል እንጂ ከጎኑ ቆሞ የሚያጨበጭብ አያስቀምጥም።

ስኮት የፈለገውን ነገር ከፈለግን «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ማየት ይበቃን ነበር። ይህ በየመማሪያ መጽሐፉ የመገዛት ምልክት ሆኖ ይጠቀሳል። እስቲ ሙግት ተረትቶ ከችሎት የወጣ ገበሬ ሲናገረው እንስማው። ንጉሡን ከሰማይ ጋር አስተካከለ፤ ይህ ውዳሴ ነው። ዳሩ ግን ለገበሬ የማይታረስ ነገር ምን ይረባዋል? ሰማይን በከፍታው ሳይሆን በሞፈርና በቀንበር ነው የለካው። እዚህ ላይ ንባቤ ከልክ አልፏል የሚለኝ ቢኖር አልከራከርም፤ ማን ለማን ተናገረው ብዬ መልሼ እጠይቀዋለሁ እንጂ።

ይህን ሁሉ ስል ግን ምሳሌያዊ አነጋገር ሁሉ በዐውዱ ውስጥ ንጹሕ ይሆናል ማለቴ አይደለም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አንድ ጊዜ ከእኔ ይልቅ ጉዳዩን የምታውቅ የሥራ ባልደረባዬ በስብሰባ ላይ አስተያየት ስትሰጥ አንዱ በሣቅ አድርጎ ጣለው፤ ሁላችንም ሣቅን፤ እሷም ንግግሯን ሳትጨርስ ተቀመጠች። ያን ሣቅ እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ። በሸማኔው፣ በቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋ ላይ የተነገሩትማ እዚህ ሊደገሙ የማይገባቸው ናቸው፤ መድበሎቻችን ግን ከእንስሳትና ከአዝመራ ጋር ቀላቅለው በፊደል ተራቸው ያለ አንዳች ቃል ያትሟቸዋል። በአንጻሩ የብልግና ቃል ያለባቸውን አውጥተው ይጥላሉ፤ ወይም ነጥብ ነጥብ ያደርጉባቸዋል። ሰውን ያዋረደው ታትሞ አካልን በስሙ የጠራው መደበቁ ስለ አሰባሳቢዎቹ ባሕርይ አንድ ነገር ሳይነግረን አይቀርም።

ያንኑ አነጋገር ከአያቴም ሰምቼዋለሁ። አያቴ በሬ ይሸጥ አይሸጥ የሚለውን ከሌሊት ወስና ለአያቴ ለወንዱ ነግራ አድራለች፤ እኔ መደቡ ላይ ተኝቼ ሰምቻለሁ። በማግሥቱ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሳለ እሱ የእሷን ቃል አንድም ሳያጓድል የራሱ አድርጎ ተናገረ። ሽማግሌዎቹም ማስተዋሉን አደነቁ። አያቴ ከምጣዱ አጠገብ ሆና «እንግዲህ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» አለች። ሽማግሌዎቹ «ልክ ነው» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። አያቴ ወንዱ ግን ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታ ጀመር።

እነዚያ ሽማግሌዎች መድበል ቢያዘጋጁ ኖሮ ከአያቴ ስም ጋር «የሴትን የበታችነት የሚያስረዳ» ብለው ይጽፉት ነበር። ተናጋሪዋ ሴት መሆኗ ደግሞ ለማስረጃነት ይጠቅማቸው ነበር።

ዛሬ ይህ ጨዋታ ከገበሬው መንደር ወጥቶ በአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲዎች ውስጥ በጥቅስ መልክ ተለጥፎ ይታያል። ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ሲሰበስቡት ደስ ይለኛል። ነገር ግን እነሱም ከእኛ እንደ ተማሩት ቃሉን ብቻ ገልብጠው ይመጣሉ። ጥቅሱ ተናጋሪ የለውም ይሉኛል፤ ቦታ ግን አለው። ከሾፌሩ መስተዋት በላይ የተለጠፈና በር ላይ የተለጠፈ አንድ አይደሉም፤ በር ላይ ያለው ለሚዘጋው እጅ ነው የተነገረው። ረዳቱ መልስ ሲጠየቅ በጣቱ የሚያመለክተው ጥቅስም ከሌሎቹ የተለየ ሥራ ላይ ነው።

ስለዚህ አሁን የማደርገው ይህን ነው። ተማሪዎቼ ለየአንዳንዱ አነጋገር አንድ ካርድ ይይዛሉ፤ ከቃሉ በታች የተናጋሪው ዕድሜና ሥራ፣ የሰሚው ማንነት፣ ከዚያ በፊት ምን ይወራ እንደ ነበር፣ አነጋገሩ ሙሉ ነው ወይስ ተቆርጧል፣ ማን ሣቀ፣ ማን አልሣቀም የሚሉ መስመሮች አሉ። ሥራውን ያዘገየዋል፤ በአንድ ወር ሦስት መቶ ያመጣ የነበረ ተማሪ አሁን አሥራ አምስት ቢያመጣ ነው። በዚህ ያጉረመርማሉ። እኔም ለምሳሌ እንዲሆናቸው የአያቴን ካርድ ራሴ ሞላሁት። ሁሉንም መስመር ጨርሼ «ማን ሣቀ» ከሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሽማግሌዎቹ አልሣቁም። አያቴ ደግሞ ያን ጊዜ እንጀራዋን ልታወጣ ወደ ምጣዱ ዞራ ስለ ነበር ፊቷን አላየሁትም፤ ያየሁት ጀርባዋን ነው።